ወሰኑን ከገበያ አንስተው ከዓለት ጋር ያሰሩት አያ ይመር

አያ ይመር አህመዴን የምታውቁ ሁሉ፣ በመካነ ሰላምም ያላችሁ፣ በወግዲም፣ ባሕር ተሻግራችሁ በዐረብ አገር የሰው ቤት የምትሠሩም፣ ወሬው በስልክ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። አያ ይመር ባለፈው ሰኞ የሱብሂን ሶላት ሰግደው እንደጨረሱ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው ከእኛ ተለዩ። የታመሙት ለጥቂት ሳምንታት ነበር። ቀብራቸውም በኑዛዜያቸው መሠረት በተወለዱባት በእንዶድ በር መንደር፣ ከተረተሩ ላይ ባለው የመቃብር ቦታ ተፈጽሟል። ወሬውን የሰማችሁት በችኮላ ነውና፣ ማን እንደሞተብን በቅጡ ልንገራችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

የምጽፍላችሁ ዘነቡ ነኝ፣ ጥጥ ሻጯ። ከዓባይ ቆላ የወጣ ጥጥ አዝዬ ከመካነ ሰላም ወግዲ፣ ጉልበቴ ደህና በነበረ ጊዜ ደግሞ እስከ ኩታበር የዞርኩ ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ይህን በእጄ ጽፌ የልጅ ልጄ ሰብለ፣ ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት፣ በስልኳ ትገለብጠዋለች። «እማዬ፣ ወሬሽ እኮ ይዞራል» ትለኛለች። እግሬም ዞሮ ነው የኖረው፣ አፌ ምን ያድርግ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ አያ ይመር ናቸው። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን እርሳቸው ገና ወጣት የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሐሙስ ገበያ ሲበተን እኛን ሴቶቹን ያስቀምጡና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ይጽፉልን ነበር። ጠመኔ አልነበረም። ሌሎቹ አስተማሪዎች ጠመኔው እስኪመጣ ብለው ሲቀመጡ፣ እርሳቸው ከምድጃ ከሰል ለቅመው በወረቀት ጠቅልለው ይመጣሉ። እኔ ከሸክሜ ጋር ወደ ሌላ ገበያ ስሄድና ሳምንት ስቀር አይቆጡኝም። ስመለስ ግን ያለፈኝን ፊደል ሳያስይዙኝ አይለቁኝም። «ስሟን መጻፍ የቻለች ሴት ሌላ ሰው በስሟ አይፈርምባትም» ይሉን ነበር። ይህ ቃላቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ደግነታቸውን ብዘረዝር ሰብለ ጣቷ ይደክማል። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ የሚያጽፉት እርሳቸው ዘንድ ነበር። የመጣውንም ሁለት ጊዜ ያነቡላቸዋል፤ አንዴ ለጆሮ፣ አንዴ ለልብ። ሰብለ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት ስትጨነቅ ማመልከቻውን ጽፈው፣ እኔን አስከትለው፣ ከቢሮ ቢሮ የዞሩት እርሳቸው ናቸው። «አብሽሪ እታለም፣ ወረቀት ያሰረውን ወረቀት ይፈታዋል» አሉኝ። ተፈታም። ልጄ ተመለሰች።

ዛሬ በዋናነት የምነግራችሁ ግን ስለ እንዶድ በር ነገር ነው። ምክንያቱም አያ ይመር የሞቱት ይህን ነገር ከጫፍ አድርሰው፣ ጫፉን ለእኛ ትተው ነው።

የምርጫ ክልል የሚባል ነገር አለ። አብረው አንድ ተወካይ የሚመርጡ ሰዎች ግቢ በሉት። የአንዱ ግቢ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር በወረቀት ይጻፋል። ከብዙ ዓመት በፊት ያንን ወረቀት እንዲጽፉ የታዘዙት አያ ይመር ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ፣ አገሩንም የሚያውቁ ስለነበሩ። እርሳቸውም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ከሐሙስ ገበያ በላይ ያሉት መንደሮች ከመካነ ሰላም ጋር፣ ከሐሙስ ገበያ በታች ያሉት ከወግዲ ጋር ይመርጣሉ።» ማን ይሳሳታል? ሐሙስ ገበያን የማያውቅ የለም። ገበያው ከመንደራችን ከእንዶድ በር በታች ጨፌው ላይ ነበር፤ እኛ ከገበያው በላይ፣ የመካነ ሰላም ነበርን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

አንድ ክረምት ጨፌው ውሃ ቋጠረ። ጥጥ ከረጠበ ማን ይገዛዋል? እኔ ሸክሜን አንስቼ ከመንደሩ በላይ ካለው ደረቅ ሜዳ፣ ዋንዛዎቹ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በሳምንቱ በርበሬ ሻጮቹ «ዘነቡ የት አለች?» ብለው ተከተሉኝ። ከዚያ ጨው ሻጮቹ፣ ከዚያ ከብት ነጋዴዎቹ። ክረምቱ ወጣ፣ ገበያው ግን አልወረደም። እዚያው ላይ ቀረ። የመንደሩ ሰው «ገበያ በእግሩ መጣልን» ብሎ ተደሰተ። ወረቀቱን ማን አስታወሰው!

ዓመታት አለፉ፤ የመራጮች ምዝገባ መጣ። ነጠላችንን አጥበን፣ ሴቱም ወንዱም ተሰልፈን ሄድን። የምትመዘግበው ወጣት ሴት ትሑት ነበረች። ወረቀቷን አየችና «እማማ፣ እናንተ ከየት ናችሁ?» አለችኝ።

«ከእንዶድ በር።»

«ከገበያው በላይ ናት በታች?»

እኔም የማላስብ፣ «በታች» አልኳት። እውነቴን ነበራ! ገበያው ከእኛ በላይ ነው።

«እንግዲያው የወግዲ ናችሁ። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው፤ እኔ ላጣምመው አልችልም» አለች።

የቻልን ግማሽ ቀን ተጉዘን ወግዲ በኩል ሄድን። እዚያ ደግሞ መዝገባቸውን አገላብጠው፣ «እንዶድ በር መቼ የእኛ ሆና ታውቃለች? ከጥንትም የመካነ ሰላም ናችሁ» ብለው መለሱን። ስንመለስ ምዝገባው ተዘግቷል። ከወዲህም ከወዲያም ሳንሆን፣ እንደተሰለፍን ቀረን። በተከታዩ ሐሙስ አንድ ጨው ነጋዴ «እናንተ ሰዎች፣ ዘንድሮ ድምፃችሁን ለዋንዛው ስጡታ!» እያለ ተሳለቀብን። የሳቀውም ብዙ ነበር።

ለአያ ይመር የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ነበሩ። እስክጨርስ ሰሙኝና «ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው?» አሉ።

«አንቱ ነዎት ይላሉ።»

ራሳቸውን ያዙ። ከዚያም ተነስተው ያንኑ ቀን ከቢሮ ቢሮ ዞሩ፤ ጊዜው አልፏል ተባሉ። እርሳቸው የከተማ ነዋሪ ናቸውና ካርድ ነበራቸው፤ በምርጫው ቀን ድምፃቸውን ሰጡ። በማግስቱ ሐሙስ ገበያ ወጡ። ሙቀት ነበር፣ እርሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። በግራ እጃቸው ነው ሰላም የሚሉን። ግራ እጃቸውን ለሰላምታ ሰጥተው የማያውቁ ሰው! በኋላ ነው የገባኝ። ጣታቸው ላይ ያለውን የምርጫ ቀለም የእንዶድ በር ሴቶች እንዳያዩት ነበር።

ያን ቀን በገበያው መሐል ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የቢሮ ጥፋት አይደለም። የእኔ ብዕር ነው ያስቀራችሁ። እኔው አስተካክለዋለሁ» አሉ። እኔም አላስቻለኝም፤ «ኧረ አያ ይመር፣ ገበያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ አሉኝ፦ «እታለም፣ ጥጥ ሻጭ ደረቅ ቦታ ብትፈልግ ምን ጥፋት አለባት? ሕግን እግር ባለው ነገር ላይ ያሰረ ሰው ነው ጥፋተኛው።»

በዚያው ሳምንት ጀመሩ። ከወግዲ ወገን አቶ ጌታሁን የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከእንዶድ በር ሼህ ሙሔ፣ የእግር መንገዱን አውቃለሁና እኔም፣ ወሰኑን በእግር ልንሄድ ወጣን። አቶ ጌታሁን ቀልደኛ ናቸው። ገና ሰላም ሳይሉኝ «አንቺ ዘነቡ፣ ያን ጥጥሽን እስከ ደሴ ብትወስጂው ኖሮ እኮ ሁላችን ከተሜ ነበርን!» አሉኝ።

አያ ይመር አንድ ሕግ አወጡልን። ምልክት የሚሆን ነገር የማይሄድ፣ የማይሞት፣ ሁለት ስም የሌለው መሆን አለበት። አቶ ጌታሁን ትልቋን ዋርካ አሳዩ። «ከአያቴ በፊት የነበረች ናት» አሉ።

«ከልጅዎ በኋላስ ትኖራለች?» አሉ አያ ይመር። ዋርካዋ ተተወች።

እኔ ቀጭን ውሃ የሚባለውን ወንዛችንን አነሳሁ። ሼህ ሙሔ ሳቁብኝ። «ባለፈው ክረምት አይደለም እንዴ መንገዱን ቀይሮ ግማሽ እርሻዬን ማዶ ያደረገው? ታዲያ እኔ በግማሽ እርሻዬ ወግዲ፣ በግማሹ መካነ ሰላም ልምረጥ?» ወንዙም ተተወ። ቤት ይሸጣል፣ ተባለ። መንገድ ይሰፋል፣ ተባለ። መጨረሻ ላይ የያዝነው ከመቃብሩ ቦታ አጠገብ ያለውን ጥቁር ዓለትና ውሃ ወዲያና ወዲህ የሚለይበትን የተረተሩን ጫፍ ነው። በመካከል ምልክት በሌለበት ቦታ ድንጋይ ተከልን። አያ ይመር በየድንጋዩ ሥር እፍኝ እፍኝ ከሰል ይቀብሩ ነበር። «ድንጋዩን ሰው ቢነቅለው ከሰሉ ይመሰክራል፤ ከሰልን አፈር አይበላውም» ይላሉ። ከሰሉን ከወረቀት ሲፈቱት ሳይ ያ የጥንቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታወሰኝ። ያኔ ፊደል ጻፉበት፣ አሁን ወሰን።

ከመሬት አስተዳደር አንዲት ባለሙያ ጂፒኤስ ይዛ መጥታ የእያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር መዘገበችልን። ሼህ ሙሔ «እንግዲህ መሣሪያው ካለ ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» ሲሉ፣ አያ ይመር «ቁጥሩ ቢሮ ላለው፣ ድንጋዩ እርሻ ላይ ላለው። ሁለቱም ይጻፉ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ረቂቁን ጽፈው ቤታቸው አስጠሩኝ። «ተቀመጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ በልብሽ ሂጂ። ከጠፋብሽ ቁሚ» አሉኝ።

ጨፈንኩ። አነበቡ። በልቤ ሄድኩ። «ከጥቁሩ ዓለት ወደ ላይ ይወጣል» ሲሉ ቆምኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ላይ የቱ ነው፣ አያ ይመር? ከዓለቱ ሁለት ላይ አለ። አንዱ ወደ ተረተሩ ጫፍ፣ አንዱ ወደ አቶ ጌታሁን ቤት።»

የብዕሩ ድምፅ ተሰማኝ። ሰርዘው «ፊትን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ፣ የተረተሩን ጫፍ ይዞ» ብለው ጻፉ። ደግመን ከመነሻው ጀመርን። በሌላ ቦታ «ከሦስተኛው ድንጋይ» ሲሉ «ከየት በኩል ቆጥረን?» አልኳቸው፤ ያንንም አስተካከሉ። እንዲህ ስንሄድና ስንቆም ሦስት ቀን ዋልን። መጨረሻ ላይ መንደሯን በስሟ ጠርተው «የእንዶድ በር መንደር በሙሉ ከመካነ ሰላም ጋር ነው» የሚል ጨመሩበት። ከባለቤታቸው ጋር ምሳ ስንበላ «የሕግ ሊቅ ሆንኩ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። እርሳቸው አልሳቁም። «ያልተማረ ሰው ሳይጠፋው የሚሄድበት ሕግ፣ የተማረ ሰው ሊያጣምመው አይችልም» አሉኝ። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ክብር ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

ወረቀቱን ይዘው የሚመላለሱበት ነገር ግን ረዘመ። አንድ ሹም «ለአንዲት መንደር ብለን ሕግ እንክፈት? ስንት ድምፅ ነው እሱ?» አላቸው። አያ ይመር ቆሏቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ መንደሯ ትንሽ ናት። ከውጭ የቀረው ሰው ግን ትንሽ ሰው አይደለም። እስክትጨርስ እጠብቅሃለሁ» አሉት። ቆሎውንም አካፈሉት። ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ፤ በሳምንቱም ተመልሰው መጡ። ሰው «አንቱ ካርድ አለዎት፣ ምን አገባዎት?» ሲላቸው «ካርዱ ኪሴ ውስጥ ይቆረቁረኛል» ይላሉ። ሦስት ክረምት እንዲህ ተመላለሱ። አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አልሰማሁም። አንድ ቀንም እንኳ ሲቀሩ አላየሁም።

በመጨረሻ፣ እርሳቸው ከአልጋ ከዋሉ በኋላ፣ ደብዳቤ መጣ። ረቂቁ ታይቷል፤ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በመጨረሻው ቃል ላይ ይፈርሙና ይላኩ፤ ከዚያ ወደሚያጸድቁት ዘንድ ይወጣል፣ ይላል። ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። እኔ፣ በከሰል ፊደል የቆጠርኩት፣ አነበብኩላቸው። «አንዴ ለጆሮ ነበር፤ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ፊርማው የተፈረመው በሦስተኛው ቀን ለቅሶ፣ ዳሱ ውስጥ ነው። አቶ ጌታሁን ከወግዲ ወገን መጥተው ነበር። ወረቀቱ ሲዘረጋ ሼህ ሙሔ እንባቸው መጣ። «ጀማው፣ ስሙኝ!» አሉ። «እኒህ ሰው ስለ እኛ ለፉ። ወላሂ ስማቸው ከሕጉ ውጭ አይቀርም። 'ከጥቁሩ ዓለት ይነሳል' የሚለውን ትተን 'ከአያ ይመር መቃብር ይነሳል' እንበል። መቃብራቸው ከዓለቱ አጠገብ ነው፤ ማንም አይሳሳተውም!»

ዳሱ በሙሉ «ደግ ብለዋል!» አለ። አቶ ጌታሁን እንኳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። ስማቸው በሕግ ሲጻፍ የማይደሰት ማን አለ? ግን ዓይኔን ስጨፍን፣ በልቤ ስሄድ፣ መቃብሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

በወንዶች ጉባኤ መሐል ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። «ሼህ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርሱ አይጻፍ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«መቃብሩ ጋ ጠፋሁ። በእናንተ ዘንድ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። እኛ እናውቀዋለን። የልጅ ልጆቻችንስ? እዚያ ቦታ ስንት ይመር ተቀብሯል?»

ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «የአጎታቸው ልጅ ይመርም እዚያው ናቸው» አለ። ሌላውም «የኔም አባት» አለ።

«አያ ይመር አንድ ጊዜ በገበያ ተሳስተዋል፤ በእርሳቸው ስም ደግመን አንሳሳት። ዓለቱ ይቆይ። ከወደድናቸው ዓለቱ ይቆይ» አልኩና ተቀመጥኩ።

አቶ ጌታሁን እያለቀሱ ሳቁ። «አይ አያ ይመር፣ ሞተውም ያርሙናል!» አሉ። ሼህ ሙሔ ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም። ተቀይመውኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በኋላ እጃቸውን ዘረጉና «እታለም፣ ወረቀቱን ወዲህ በይ» አሉ። ፈረሙ። አቶ ጌታሁንም ፈረሙ። ከምስክሮች ተራ እኔም ስሜን ጻፍኩ፤ ዘነቡ ብዬ፣ በራሴ እጅ። ከቃሉ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

ወረቀቱ ሄዷል። ገና አልጸደቀም። ዘገየ ቢሉን የምንቀመጥበትን አግዳሚ እናውቀዋለን፤ ቆሎም አናጣም። አያ ይመርን የምትወዱ ሁሉ፣ ዐረብ አገር ያላችሁም፣ ሐዘናችሁን በዚህ አግዙን፦ ስለ እንዶድ በር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ «ከገበያው በላይ ናት» ወይም «በታች ናት» አትበሉ። «ከጥቁሩ ዓለት» በሉ።

አያ ይመር፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ስምዎን ከወረቀቱ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ቅር እንደማይሰኙብኝ አውቃለሁ። ድንጋዮቹን ትናንት አንድ በአንድ ዞሬ አየኋቸው። ሁሉም እንደተከሏቸው ቆመዋል። እናንተ ጀነት የምትሉትን፣ እኛ ገነት የምንለውን አምላክ ይስጥዎ፤ በዚያ ወሰን የለም ይላሉ፣ እንግዲህ እዚያ ይረፉ። እዚህ ያለውን ለእኛ ይተዉልን። የምርጫው ቀን ሲመጣ የእንዶድ በርን ሴቶች አስከትዬ እሰለፋለሁ። ቢመልሱኝ ደግሜ እሰለፋለሁ። ድምፄን ሰጥቼ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ ወደ ተረተሩ፣ ወደ እርስዎ ነው የምመጣው። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም ሳይለቅ አሳይዎታለሁ።

ያን ጊዜ፣ አያ ይመር፣ ቀኝ እጅዎን ከጋቢው ያውጡ።